ያለ ገንዘብ ስለሚገኝ ማገዶ

በደጋ አገር ለሚኖር ሕዝብ እሳት ከእህልና ከውሃ ቀጥሎ የሚቈጠር ነገር ነው። ማለዳ ውርጭ በሚወድቅበት፥ ሌሊትም ነፋስ በግድግዳው ስንጥቅ እየገባ በሚያፏጭበት ስፍራ፥ ምድጃው ያልነደደ ቤት ሕፃኑን አያስተኛም፤ ሽማግሌውንም አያሳርፍም። ስለዚህ ማገዶ ከየት፥ እንዴትና በምን ያህል መጠን መሰብሰብ እንደሚገባ ማወቅ፥ እንደ እርሻና እንደ ከብት ርቢ ሁሉ ትምህርት የሚያስፈልገው ነገር ነው። ነገር ግን እስከ ዛሬ ለእናቶችና ለልጃገረዶች ብቻ የተተወ፥ ወንዶች የማይመረምሩት ሥራ ሆኖ ኖሯል።

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ማንበብ ለሚችሉ የአገር ሽማግሎች ነው። መምህሩ ከሒሳብና ከተፈጥሮ ትምህርት ጋር አያይዞ እንዲያስተምረው፥ ሽማግሌውም በዕድርና በማኅበር ሰው በተሰበሰበ ጊዜ እያነበበ እንዲመካከርበት ታስቧል። ማገዶ የማይገዛ ሰው «ያለ ዋጋ አገኘሁት» ይላል። ዳሩ ግን ገንዘብ አልተከፈለበትም ማለት ዋጋ አልተከፈለበትም ማለት አይደለም። ዋጋውን አንዳንድ ጊዜ የልጅቱ ጀርባ፥ አንዳንድ ጊዜ የእርሻው አፈር፥ አንዳንድ ጊዜም የጋራው ጫካ ይከፍለዋል። ዛሬም በገጠር ከሚኖሩት የአገራችን ቤተ ሰቦች ከመቶ ዘጠና የሚበልጡት ምግባቸውን የሚያበስሉት በዕንጨት፥ በኩበት፥ በአገዳና በከሰል ስለ ሆነ፥ ይህ ዋጋ የጥቂት ሰዎች ነገር አይደለም።

የማገዶ ችግር በኛ ዘመን የተጀመረ አይምሰላችሁ። በቀድሞ ዘመን የነገሥታቱ ሰፈር ከቦታ ወደ ቦታ ይዘዋወር ከነበረባቸው ምክንያቶች አንዱ፥ ብዙ ሠራዊት ባንድ ስፍራ ሲከርም በዙሪያው ያለው ዕንጨት ማለቁ ነበር። አዲስ አበባም ከተቈረቈረች ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአካባቢዋ ጥድና ወይራ እየተመናመነ ስለ ሄደ፥ ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ከተማዪቱን በስፍራዋ ያጸናት ከአውስትራልያ ምድር የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። እርሱም በ1880ዎቹ ዓ.ም. ወደ አገራችን ገብቶ ፈጥኖ የሚያድግ፥ ከተቈረጠም በኋላ ከጉቶው የሚያቈጠቍጥ ሆኖ ስለ ተገኘ፥ ሕዝቡ ቶሎ ወደደውና ተከለው። በሌላ ወገን ደግሞ የመናገሻ ሱባ ደን በ15ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ ከወፍ ዋሻ ጫካ በመጣ የጥድ ዘር እንደ ተተከለ ይነገራል። ይህ ነገር እውነት እንደ ሆነ፥ ዛፍ ስለ መትከል ማሰብ በአገራችን ከባሕር ዛፍ መምጣት እጅግ የቀደመ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንመለስ። ጫካን ሳይጐዱ ሊሰበሰብ የሚችለው ማገዶ ብዙ ሰው ከሚያስበው ይበልጣል። ነፋስ የጣለው ቅርንጫፍ፥ በዛፉ ሥር የረገፈው ጭራሮ፥ ከባሕር ዛፍ ግንድ በራሱ ጊዜ ተልጦ የሚወድቀው ቅርፊት፥ አጥር ሲከረከም የሚወድቀው ቀጋና አጋም፥ የበቈሎና የማሽላ አገዳ፥ ቤት በሚሠራበት ስፍራ የተጣለው ፍቅፋቂ፥ ይህ ሁሉ ማገዶ ነው። ክረምት ካለፈ በኋላ በወንዝ ዳር ደራሽ ውሃ ያመጣው ግንድና ሥር ተከምሮ ይገኛል፤ እርሱን በመስከረምና በጥቅምት አንሥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣ ሰው እስከ ገና ድረስ ይበቃዋል። ነፋስ በበረታ ማግስት ማለዳ የወጣ ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ ያገኛል። የእርሻውን አገዳ በሙሉ ወደ ቤት የሚያግዝ ሰው ግን የከብቱን መኖና የአፈሩን ልብስ አብሮ እንደሚወስድ ይወቅ፤ በግማሽ መተው ይሻላል።

ደረቁን ከእርጥቡ መለየት ለልጆች በጨዋታ ሊማሩት የሚችሉት ነገር ነው። ደረቅ ዕንጨት ሲሰበር ጮኾ ይሰበራል፤ እርጥቡ ግን ይጐብጣል እንጂ ቶሎ አይሰበርም። ሁለት ደረቅ ፍልጦች ቢጋጩ ድምፃቸው የጠራ ነው፤ እርጥቦቹ ቢጋጩ ድምፃቸው የታፈነ ነው። የደረቀው ቅርፊቱ ይላላል፥ ጫፉ ይሰነጠቃል፥ በእጅም ሲያነሡት ይቀላል። እንግዲህ ልጅ ይህን ካወቀ ምሳር ይዞ የቆመ ዛፍ ከመምታት በፊት መሬት ላይ ያለውን ይፈልጋል።

ሁሉም ዕንጨት ባንድ ዓይነት አይነድም። የወይራ ፍልጥ ከባድ ነው፤ ፍሙም ብዙ ሰዓት ስለሚቈይ ለሌሊት ብርድ ከእርሱ የሚሻል የለም። ዳሩ ግን ወይራ ለማደግ ብዙ ዘመን የሚፈጅ ስለ ሆነ፥ በኛ አስተያየት የወደቀውን ቅርንጫፍ ለወተት ዕቃና ለጠላ ጋን ማጠኛ አኑሮ፥ ለምድጃ ሌላ መፈለግ ይገባል። ባሕር ዛፍ ፈጥኖ ይነድዳል፥ ፈጥኖም ያልቃል፤ ለምጣድ መልካም ነው። ጥድ ሲነድ እየፈነጠቀ ፍንጣሪ ስለሚተፋ ሕፃንና ሳር ባለበት ስፍራ መጠንቀቅ ነው። ክትክታ ቀጭን ቢሆንም በደንብ ይነድዳል፥ ከጉቶውም ስለሚያቈጠቍጥ ከሥሩ ሳይነቅሉ ቢቈርጡት ተመልሶ ይበቅላል። ጥድ ግን እንደዚህ አይደለም፤ ከጉቶው አያቈጠቍጥምና የተቈረጠ ጥድ ጠፋ ማለት ነው። ይህን አንዱን ልዩነት ብቻ ልጆች ሁሉ ቢያውቁት ብዙ ተራራ በዳነ ነበር።

ቁልቋልና ቅንጭብ ሲቈረጡ የሚወጣቸው ነጭ ወተት ዐይንን ክፉኛ ይጐዳል፤ ልጆች በእነርሱ አጠገብ ምሳርና ገጀራ እንዳያነሡ ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል። ዐይን ውስጥ የገባበት ሰው ሳያሽ፥ በብዙ ንጹሕ ውሃ ሳያቋርጥ አጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ክምር ዕንጨት ከማንሣት በፊት በበትር መነካካት ደግሞ የአባቶች ልማድ ነው፤ ከበታቹ እባብና ጊንጥ ስለሚያድርበት ነው። ውስጡ የተቦረቦረ አሮጌ ዛፍም ደርቆ ቢቆም፥ ንብና ወፍ የሚያድሩበት ስለ ሆነ ባይነካ እንወዳለን።

ቅጠል መጥረግ ግን ብዙ የሚያከራክር ነገር ነው። በባሕር ዛፍ ሥር የረገፈው ቅጠል ዘይት ስላለው ለምጣድ እሳት ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ድሆችም ሌላ ስላላገኙ ይጠርጉታል፥ አይፈረድባቸውም። ሆኖም ዳገት ላይ ያለው ቅጠል በሙሉ በየቀኑ ሲጠረግ መሬቱ ራቁቱን ይቀራል፤ በሐምሌ ዝናም ሲመታውም አፈሩ ወርዶ ታችኛውን እርሻ በድንጋይ ይሞላዋል። ስለዚህ ከዳገት ሳይሆን ከሜዳው፥ ከሜዳውም እያፈራረቁ ቢጠርጉ ይበጃል።

ዕንጨቱ መሬት ላይ ወድቆ ቢገኝም ባለቤት አለው። በእርሻ ወሰን ያለው ለባለ እርሻው ነው፤ ጠይቆ ማንሣት ጎረቤትን ያስከብራል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቍጥር 1065 ደንን የግል፥ የማኅበረሰብ፥ የማኅበራትና የመንግሥት ብሎ ስለሚከፍለው፥ መምህሩ በቀበሌው ያለው ጫካ ከነዚህ የትኛው እንደ ሆነና ደረቅ ዕንጨት ለማንሣት ምን ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ጠይቆ ለልጆች ይንገር። የቤተ ክርስቲያን ደን ነገር ግን አዋጅ ሳይጠበቅ በአባቶች ተፈጽሟል። በጎንደርና በጎጃም ከሩቅ ሲመለከቱ በራቁት ሜዳ መካከል አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው ሁሉ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው። በዚያ ያሉት አገር በቀል ዛፎች ለአካባቢው ሁሉ የዘር ጎተራ ናቸውና፥ ከዚያ ለማገዶ ቅርንጫፍ መስበር ነገ ከሚተከለው ዛፍ ዘር መስረቅ ነው።

የጋራ ማገዶ በሥርዓት ሊጠበቅ እንደሚችል የመንዝ ጓሳ ይመሰክራል። ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር የሚደርስ፥ ሌሊቱ ውርጭ የሆነ ከፍተኛ ምድር ነው። ሕዝቡ ከዚያ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነውን የጓሳ ሣር ያጭዳል፥ ከብት ያሰማራል፥ ለምድጃም ቍጥቋጦ ይለቅማል። ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት የአስቦና የጌራ ተወላጆች በየወገናቸው አለቃ እየመረጡ መሬቱን ይጠብቁ ነበር። ሣሩ እንዲያገግም ሦስት ዓመት፥ አንዳንድ ጊዜም እስከ አምስት ዓመት ድረስ ዘግተው፥ ከዚያ በኋላ ሁሉም በሚያውቀው ቀን ይከፍቱት ነበር። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በታወጀ ጊዜ የተወላጆቹ መብት ቀረ፤ የቄሮም ሥርዓት ፈረሰ። ጠባቂ የሌለው ነገር እንደሚሆነው፥ ሁሉም ለየራሱ ስለ ቀደመ ሣሩና ቍጥቋጦው ተጐዳ። በኋላ ግን ሕዝቡ ራሱ በኮሚቴና በመተዳደሪያ ደንብ ጥበቃውን በአዲስ መልክ መለሰው፤ እነ ቀይ ቀበሮና እነ ጭላዳም እስከ ዛሬ በዚያ ይኖራሉ። ሽማግሎች ሆይ፥ በየመንደራችሁ ጓሳን የሚያህል ምድር ባይኖርም፥ አንድ ኮረብታ ለሁለትና ለሦስት ዓመት ዘግቶ የመክፈቻውን ቀን መወሰን ከእናንተ ሥልጣን በላይ አይደለም። ሲዘጋ ግን ድሀይቱ መበለት በዚያ ጊዜ ማገዶዋን ከወዴት እንደምታገኝ አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ደንቡን የምታፈርሰው እርስዋ ትሆናለች፥ በደሏም የእናንተ ነው።

ስለ ማድረቅ አንድ የክፍል ሥራ እነሆ። መምህሩ አዲስ የተቈረጠ የባሕር ዛፍ ፍልጥ ያስመጣና በሚዛን ያስመዝን፤ ልጆቹም በየሳምንቱ ዓርብ ቀን እየመዘኑ በሰሌዳ ይጻፉ። ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ዕንጨቱ ደርቋል ማለት ነው። የቀነሰው ሁሉ ውሃ ነው። አዲስ በተቈረጠ ዕንጨት ውስጥ ከመቶው ክብደት 40 እስከ 50 የሚሆነው ውሃ ነው፤ በነፋስ ሲደርቅ ግን ወደ 15 ወይም 20 ይወርዳል። አንድን ሊትር ውሃ ፈጽሞ እስኪተን ድረስ ለማሞቅ የሚያስፈልገው ሙቀት፥ ያንኑ ውሃ ከብርዱ ተነሥቶ እስኪፈላ ድረስ ከሚፈጀው ከስድስት እጥፍ ይበልጣል። እንግዲህ እርጥብ ዕንጨት የሚያነድ ሰው፥ ድስቱ ሳይሞቅ በፊት እሳቱን በዕንጨቱ ውስጥ ያለውን ውሃ ለማትነን ይፈጀዋል፤ የቀረውም ጢስ ሆኖ ዐይኑን ያስለቅሰዋል። ስለዚህ ዕንጨትን ፈልጦ፥ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ አደራርቦ፥ በላዩ ክዳን አድርጎ ጎኑን ለነፋስ ክፍት መተው ነው። የሰኔን ማገዶ በየካቲት የሰበሰበ ቤት ክረምቱን ያለ ጭንቀት ያሳልፋል።

ከዚህም ጋር ማብሰሉ ራሱ ዕንጨት ያተርፋል። በ3,000 ሜትር ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ያህል ስለ ሆነ፥ ባቄላና ሽምብራ በደጋ እንደ ቆላው ቶሎ አይበስሉም፤ ሌሊቱን በውሃ ተዘፍዝፈው ያደሩ እንደ ሆነ ግን ብዙ ፍልጥ ይድናል። ምጣድም አንድ ጊዜ እስኪግል ድረስ ብዙ ማገዶ ይበላልና፥ ሁለት ጎረቤቶች በአንድ ቀን ተከታትለው ቢጋግሩ ሁለተኛዪቱ የመጀመሪያዪቱን ሙቀት ትወርሳለች። ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራው «ምርት» የተባለው የምጣድ ምድጃ እሳቱን በዙሪያው ስለሚያጥረው፥ ክፍት ከሆነው ጉልቻ ይልቅ የማገዶውን እኩሌታ ያህል እንዲያድን ሆኖ የተሠራ ነው። ሲሚንቶ የማይገኝበት ቤት በጭቃ ግንብ ምጣዱን ቢከብበው እንኳ ከክፍት ጉልቻ ይሻላል።

ይህ ሁሉ ለትምህርት ቤት ምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር፥ የሚከተለውን ሒሳብ ያሠራ። አንድ ቤት በቀን 6 ኪሎ ዕንጨት ያነዳል እንበል። በ365 ቀን 2,190 ኪሎ ይሆናል። አንድ ሸክም 25 ኪሎ ቢሆን 88 ሸክም ነው። ለአንድ ሸክም ሄዶ ለመመለስ 4 ሰዓት ቢፈጅ በዓመት 352 ሰዓት ነው፤ በቀን 5 ሰዓት ብንማር የ70 ቀን ትምህርት ማለት ነው። አሁን ማገዶውን ደረቅ በማድረግና ምጣዱን በማጠር ከሦስት እጅ አንዱ ቢቀር 1,460 ኪሎ፥ ማለት 59 ሸክም ብቻ ያስፈልጋል፤ 29 ሸክም ወይም 116 ሰዓት ተረፈ። ቍጥሮቹን ልጆች ከየቤታቸው መዝነው ባመጡት ይለውጧቸው፤ መንገዱ በየመንደሩ ይለያያልና። ያን ጊዜ አርፍዳ የምትመጣ ተማሪ ለምን እንዳረፈደች ክፍሉ ሁሉ ይረዳዋል። መምህሩም አርፍዳ የመጣችውን ከመገሠጹ በፊት ከየት እንደ መጣች ይጠይቃት።

ዕንጨት መልቀም የሴት ልጅ ብቻ ሥራ የሆነበትን ምክንያት ጠይቀን እስካሁን የሚያሳምን መልስ አላገኘንም። ወንዱ ከብት ሲጠብቅ ይውላል ይባላል፤ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ሲመለስ አንድ እቅፍ ጭራሮ ቢይዝ የሚከለክለው የለም። ሴት ልጆች ሲወጡ ሦስት አራት ሆነው፥ በታወቀ መንገድ፥ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይመለሱ፤ ብቻዋን ሩቅ መላክ አይገባም። ሸክሙም ከአቅም በላይ አይሁን፤ ያልጸና አጥንት በከባድ ጭነት ይጐብጣል። ገና የምታድግ ልጅ ከራሷ ክብደት ሩብ በላይ ባትሸከም እንመክራለን። አህያ ያለው ቤት ደግሞ አህያዋ በረት ቆማ ልጅቱ የምትሸከምበት ምክንያት የለውም።

ኩበትን በአጭሩ እንናገር። ኩበት መልካም ማገዶ ነው፤ ነገር ግን በእርሻ ላይ ቢውል ፍግ ይሆን ነበር። ሲነድ በውስጡ ያለው ናይትሮጅን ከጢሱ ጋር ይሄዳል፤ አመዱ ላይ የሚቀረው ሌላው ጥቂት ነገር ነው። አመዱንም መጣል አይገባም፤ ኮምጣጣ አፈር ባለበት በጓሮ ላይ በስሱ ቢበተን ይጠቅማል።

ከሁሉ አስጨናቂው ነገር ቤት ውስጥ ያለው ጢስ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በዓለም ሁሉ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት እንደ ሞቱ ገምቷል፤ ከእነርሱም ብዙዎች ሕፃናት ናቸው። ሕፃን በጀርባ አዝሎ ጢስ ባለበት ጎጆ ምጣድ ማንደድ ሳንባውን ያስታምመዋል። በጣራው ሥር ጢስ ማውጫ መክፈት፥ ምድጃውን ከመኝታ መለየት፥ ሕፃኑን ለታላቁ ልጅ ሰጥቶ ውጭ ማቈየት ገንዘብ አይጠይቅም።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ጢስ የሌለው እሳት ነው። ከሰል ወይም ፍም ቀልቶ ጢሱ ካለቀ በኋላ ብዙ ሰው «አሁን ደኅና ነው» ብሎ ወደ መኝታ ቤት አስገብቶ፥ ብርዱን ፈርቶ በሩንና መስኮቱን ዘግቶ ይተኛል። ከፍሙ ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል፥ ሽታም መልክም የሌለው መርዛም አየር ይወጣል። ይህ አየር በደም ውስጥ የእስትንፋስን ቦታ ስለሚይዝ፥ የተኛው ሰው ሳይነቃ ይሞታል፤ ባንድ ሌሊት አንድ ቤተ ሰብ በሙሉ ያለቀበት ጊዜ ብዙ ነው። ምልክቱ ራስ ምታት፥ ማዞር፥ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ነው። ከሰሉ ላይ ጨው መነስነስ ወይም አጠገቡ ውሃ ማስቀመጥ ያድናል የሚሉት ከንቱ ነገር ነው። ለብርድ የነደደ ፍም ከመኝታ በፊት ወደ ውጭ ይወጣል፤ ቤቱም ጥቂት ይናፈሳል፤ ሌሊቱን በልብስና በጋቢ ማሞቅ ነው። እንዲህ የታፈነ ሰው የተገኘ እንደ ሆነ፥ በሩን ከፍቶ ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት፥ ሳይዘገይም ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው። የሚያወጣውም ሰው ራሱ እንዳይወድቅ ትንፋሹን ይዞ ፈጥኖ ይግባ፥ ፈጥኖም ይውጣ። ይህን ክፍል መምህሩ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርዱ ሳይበረታ ለልጆች ያስተምር፤ ልጆቹም በየቤታቸው ይንገሩ።

በመጨረሻ ስለ መትከል። የሚለቀም ዕንጨት እየራቀ በሚሄድበት አገር፥ በቅርብ የተተከለ ጥቂት ዛፍ ከሩቅ ጫካ ይሻላል። በአዊ አገር በፋግታ ለኮማ ገበሬዎች ዲከረንስ የሚባለውን ግራር መሰል ዛፍ በእርሻቸው ላይ እየተከሉ፥ ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ለከሰል ቈርጠው መሬቱን መልሰው እህል ይዘሩበታል። ባሕር ዛፍ የሚተክል ሰው ለብርዳማው ደጋ ነጩን፥ ለዝቅተኛው ቦታ ቀዩን ይምረጥ፤ ውሃ በብዛት ስለሚጠጣና በአጠገቡ ያለውን እህል ስለሚያቀጭጭ ከምንጭ ራስና ከእርሻ ወሰን ያርቀው። ለቆረጣው ጊዜ ምሳሩን ስሎ ጉቶውን ከመሬት አጠገብ ዝቅ አድርጎ፥ ዝናም እንዳይቋጥር ሰያፍ አድርጎ ይቍረጠው፤ ቅርፊቱም እንዳይላጥ ይጠንቀቅ፥ አዲሱ ቡቃያ የሚወጣው ከዚያ ነውና። ቡቃያዎቹ በአንድ ዓመት ቁመት ሲያገኙ ከየጉቶው ጠንካሮቹን ሁለት ወይም ሦስት ትቶ የቀሩትን ይከርክም፤ የተከረከመውም ለዚያ ሳምንት ጭራሮ ይሆናል።